ማርኮኒ በቤሩት ወደብ፦ ድምፅን ሩቅ የሚያደርሰው ጉልበት ብቻ አይደለም

ከቤሩት እስከ አዲስ አበባ በአየር መስመር 2,800 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በዶራ፣ በቡርጅ ሐሙድ፣ በጁኒየህ ወይም በተራራው ላይ ባሉት መንደሮች የምትሠሩ እህቶቻችን ይህን ርቀት በስልክ ትሻገሩታላችሁ። የፎር ጂ ስልክ ወደ ኔትወርኩ ድምፃችሁን ሲልክ ቢበዛ የሚያወጣው ኃይል ከአንድ ዋት አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። የኮሪደር አምፖል እንኳን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበላል።

ይህን ያህል ትንሽ ኃይል እንዴት በቃ? ድምፁ ከአቀባባይ ወደ አቀባባይ ስለሚተላለፍና ለየደረጃው የሚያስፈልገው ኃይል ተመጥኖ ስለሚሰጥ ነው። ይህን ሒሳብ በብዙ ገንዘብና በብዙ ዓመት ከተማሩት ሰዎች አንዱ ጣሊያናዊው ጉግሊየልሞ ማርኮኒ ነው። ከትምህርቱም አንዱን ትልቅ ክፍል ያገኘው እዚሁ ቤሩት ወደብ ላይ ነው። ይኸው ሰው በዕድሜው ማብቂያ አገራችንን የወረረውን መንግሥት ደግፎ ቆሟል። የሕይወቱን ታሪክ ስንናገር ሁለቱንም አንሸሽግም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቦሎኛው ልጅ

ማርኮኒ ሚያዝያ ውስጥ፣ አፕሪል 25 ቀን 1874 በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ባለ ርስት ነበር። እናቱ አኒ ጄምሰን በዊስኪ ጠመቃ ከታወቀ የአየርላንድ ቤተሰብ የመጣች ናት። ልጁ በመደበኛ ትምህርት ብዙ አልገፋም፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም። ነገር ግን የቦሎኛው የፊዚክስ ምሁር አውጉስቶ ሪጊ ለቤተሰቡ ጎረቤት ስለነበር ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርትዝ ያገኛቸውን የማይታዩ ሞገዶች ከእርሱ ዘንድ ለመረዳት ቻለ።

ኸርትዝ ሞገዶቹ መኖራቸውን አሳይቶ በ1894 በወጣትነቱ ሞተ። የሃያ ዓመቱ ማርኮኒ ደግሞ በእነዚህ ሞገዶች መልእክት መላክ እንደሚቻል አሰበ። አባቱ ጊዜና ገንዘብ ማባከን መስሎት ነበር። እናቱ ግን ፖንቴኪዮ በሚባል ቦታ ባለው ቤታቸው ሰገነት ላይ እንዲሠራ አመቻቸችለት። በ1895 ማሰራጫውን ከመሬት ጋር አገናኘ፤ የአንቴናውንም ሽቦ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። በዚህም ምልክቱ ኮረብታ አልፎ ሁለት ኪሎሜትር ያህል ተጓዘ። ኃይሉን ብዙም ሳይጨምር፣ ሽቦውን በማስተካከል ብቻ ርቀቱን አበዛ። ይህ የመጀመሪያው ትምህርቱ ነበር፤ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ።

በፌብሩዋሪ 1896 ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ሄደ። እርሱ ለንደን ውስጥ ደጋፊ ሲፈልግ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የአገሩ ጦር ዓድዋ ላይ ድል ተነሣ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ጁን 2 ቀን 1896፣ ማርኮኒ ለገመድ አልባ ቴሌግራፍ የፈጠራ መብት ማመልከቻውን አስገባ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ዊሊያም ፕሪስ አገዘው። በ1897 ኩባንያ ተቋቋመ። በ1899 ምልክቱ እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ባሕር ተሻገረ።

ጉልበት በጉልበት ላይ

ማርኮኒ ቀጥሎ አትላንቲክ ውቅያኖስን ለመሻገር ተነሣ። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፖልዱ በሚባል ቦታ 25 ኪሎዋት የሚያመነጭ መሣሪያ ያለው ጣቢያ አስገነባ። ክብ ሠርተው የቆሙትን ምሰሶዎች በሴፕቴምበር 1901 ማዕበል ጣላቸው። ቀለል ያለ አንቴና በቦታቸው ተሠራ። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ማርኮኒ በካናዳ በኩል ባለችው ኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ በካይት ሽቦ ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ከ3,400 ኪሎሜትር በላይ የተጓዙ ሦስት ነጥቦችን በጆሮ ማዳመጫው እንደሰማ አስታወቀ።

በ1902 ፊላደልፊያ በተባለች መርከብ ሲጓዝ እንግዳ ነገር አስተዋለ። የፖልዱ ምልክት ማታ ከ3,000 ኪሎሜትር በላይ ይሰማ ነበር፤ ቀን ግን 1,100 ኪሎሜትር ላይ ይጠፋል። ፀሐይ ምን እንዳደረገችው ያን ጊዜ ማንም በእርግጥ አያውቅም። ማርኮኒ ያገኘው መልስ ሞገዱን ማርዘምና ኃይሉን ማብዛት ነበር። በ1907 በአየርላንድ ክሊፍደን የተከፈተው ጣቢያ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎዋት የሚጠይቅ ነበር፤ ከረግረግ የተቆፈረ የደረቀ አፈር እያነደደ ኃይሉን ያመነጭ ነበር። ሥራው ተሳካ፤ መልእክት አውሮፓና አሜሪካን አገናኘ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር።

ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ሞገድ በባዶ ቦታ ሲጓዝ እየተበተነ ይሄዳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ያንኑ ያህል ምልክት ለማድረስ አራት እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ርቀቱ አሥር እጥፍ ከሆነ መቶ እጥፍ ያስፈልጋል። ግንብና ሕንፃ በበዛበት ከተማ ደግሞ ጥያቄው ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ በጉልበት ብቻ ሩቅ ለመድረስ የሚሞክር ሰው ብዙ ነዳጅ ያነድዳል፤ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው።

ያም ሆኖ ሥራው የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል። በ1909 ከጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ተካፈለ። በአፕሪል 1912 ታይታኒክ ስትሰምጥ 700 ያህል ሰዎች የተረፉት የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች ከመርከቧ ላይ ያሰሙት የእርዳታ ጥሪ ካርፓቲያ ለተባለችው መርከብ ስለደረሰ ነው። ካሊፎርኒያን የተባለች ሌላ መርከብ ከዚያ ይልቅ ቅርብ ነበረች። የእርሷ ገመድ አልባ ሠራተኛ ግን ተኝቶ ነበር። አድማጭ በሌለበት ጥሪው ምንም ቢጠነክር አይሰማም። በዚያው ዓመት ማርኮኒ በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ።

የቅብብሎሹ ሰንሰለት

የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ዘመን ቅኝ ግዛቶቹን ሁሉ በገመድ አልባ ማገናኘት ፈለገ። ከዓለም ጦርነት በኋላ የተጠናው ዕቅድ ጣቢያዎችን በየ3,200 ኪሎሜትሩ መትከል ነበር። አንዱ ጣቢያ ከሌላው ይቀበላል፤ የተቀበለውን እንደ አዲስ አጠንክሮ ወደሚቀጥለው ይልካል። በእንግሊዝ የሊፊልድ ጣቢያ በ1921፣ በካይሮ አጠገብ የአቡ ዘዓበል ጣቢያ በ1922 ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ወደ ሕንድና ወደ አውስትራሊያ ይቀጥላል ተብሎ ታሰበ።

ቅብብሎሽ ለምን ይጠቅማል? ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ በቀጥታ ለመላክ 90 ዋት ያስፈልጋል እንበል። መካከል ላይ አንድ አቀባባይ ብናቆም እያንዳንዱ ግማሽ መንገድ የሚጠይቀው የ90ን ሩብ፣ ማለትም 22.5 ዋት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 45 ዋት ይሆናሉ። ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ።

አቀባባዩ መካከል ላይ ባይሆንስ? ከላኪው አንድ ሦስተኛ መንገድ ላይ ቢቆም፣ አጭሩ መንገድ 10 ዋት፣ ረጅሙ 40 ዋት ይጠይቃል፤ ድምሩ 50 ነው። አሁን ይህን 50 ዋት ለሁለቱ እኩል፣ 25 እና 25 አድርገን ብናከፋፍለው ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን በአጭሩ መንገድ 15 ዋት በከንቱ ይባክናል፤ ረጅሙ መንገድ ደግሞ 15 ዋት ይጎድለውና መልእክቱ ይቋረጣል። መልእክቱ የሚደርሰው በደካማው ክፍል አቅም ልክ ነው። ስለዚህ ጥሩ ክፍፍል ማለት ለሁሉም እኩል መስጠት አይደለም፤ ሁለቱም ክፍሎች እኩል እንዲሰሙ አድርጎ መስጠት ነው። የዛሬ መሐንዲሶችም በአቀባባይ ለሚሠሩ ኔትወርኮች ኃይል ሲያከፋፍሉ የሚነሡት ከዚህ ሐሳብ ነው።

የእንግሊዝ ሰንሰለት ግን ችግር ነበረበት። እያንዳንዱ ጣቢያ ራሱ ግዙፍ ነው፤ ነዳጅ፣ ሠራተኛና መሬት ይፈልጋል። አንዱ ከቆመ ወይም ከዘገየ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጠብቃል።

ቤሩት ወደብ፣ 1924

ከጦርነቱ በኋላ ማርኮኒ ኤሌትራ የተባለች መርከብ ገዝቶ ተንሳፋፊ ላቦራቶሪ አደረጋት። በዚያን ጊዜ የሬዲዮ ባለሙያዎች አጭር ሞገድን ይንቁት ነበር። አሜሪካ ከ200 ሜትር በታች ያለውን ሞገድ ለሩቅ አይጠቅምም ብላ ለአማተሮች ትታው ነበር። አማተሮቹ ግን በ1920ዎቹ መጀመሪያ በዚያ በተጣለላቸው ሞገድ፣ በትንሽ ኃይል፣ አትላንቲክን ተሻገሩ። ማርኮኒና መሐንዲሱ ቻርልስ ፍራንክሊንም ጉዳዩን እንደ አዲስ መረመሩ።

በ1923 ፖልዱ በ97 ሜትር ሞገድ ስትልክ ኤሌትራ በኬፕ ቨርዴ ደሴቶች፣ ከ4,000 ኪሎሜትር በላይ ርቃ ማታ ማታ አደመጠች። ኃይሉ ከ12 ኪሎዋት ወደ አንድ ኪሎዋት ሲወርድ እንኳን ምልክቱ አልጠፋም። ቀን ግን አሁንም እዚያ ድረስ አይደርስም ነበር።

በሴፕቴምበር 1924 ኤሌትራ ሜዲትራኒያንን አቋርጣ ቤሩት ወደብ ገባች። ሊባኖስ ያን ጊዜ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። ፖልዱ በ32 ሜትር ሞገድ ቀንም ሌሊትም እንድትልክ ታዘዘች። ከፖልዱ እስከ ቤሩት 3,800 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ መካከል ላይ አውሮፓ በሙሉ ከነተራሮቹ አለ። ማርኮኒ በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ምልክቱን ሰማ። ከ22 ዓመት በፊት በመርከብ ላይ የገጠመው የቀን ችግር መፍትሔው እዚህ ወደብ ላይ ተገኘ። ሞገዱን አርዝሞ ኃይል በላይ በላይ መጨመር የተሳሳተ መንገድ ነበር፤ ማሳጠር ይሻል ነበር።

ምክንያቱ ከራሳችን በላይ ነው። በከፍተኛው አየር ላይ የፀሐይ ብርሃን የሚፈጥረው በኤሌክትሪክ የተሞላ ንብርብር አለ። አሜሪካዊው ኬነሊና እንግሊዛዊው ሄቪሳይድ በ1902 እንዳለ ገምተውት ነበር። ኤድዋርድ አፕልተን ደግሞ ከቤሩቱ ሙከራ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1924 መጨረሻ፣ በሙከራ አረጋገጠው። የዚህ ንብርብር ታችኛው ክፍል ቀን ቀን ረጅሙን ሞገድ ይውጠዋል። አጭሩ ሞገድ ግን ያንን አልፎ ከላይኛው ክፍል እየተመለሰ ወደ ምድር ይወርዳል። ሰማዩ ራሱ ነዳጅ የማይጠይቅ፣ ሠራተኛ የማይፈልግ አቀባባይ ሆነ ማለት ነው።

ፍራንክሊን የሠራው አንቴና ደግሞ ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይልክ ነበር። ኩራዝ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ የእጅ ባትሪ ግን በመስታወቱ ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ያደርሰዋል። ወደ ማይፈለግበት የሚሄደውን ኃይል መልሶ ወደ ተቀባዩ ማዞር ነዳጅ ሳይጨምሩ ጉልበት ማግኘት ነው። በጁላይ 1924 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል ተፈርሞ ስለነበር ውጤቱ ቶሎ ሥራ ላይ ዋለ። ከኦክቶበር 25 ቀን 1926 ጀምሮ ለንደን ከካናዳ፣ በ1927 ደግሞ ከአውስትራሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከሕንድ ጋር በቀጥታ ተገናኘች። በየ3,200 ኪሎሜትሩ የታሰቡት ግዙፍ ጣቢያዎች አላስፈለጉም።

በኢትዮጵያ ላይ የቆመ ሰው

ማርኮኒ ከ1923 ጀምሮ የፋሽስት ፓርቲ አባል ነበር። ሙሶሊኒ በ1930 የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። በ1931 የቫቲካንን ሬዲዮ አቋቋመ። በኋላም ከቫቲካን ወደ ጳጳሱ የበጋ ማረፊያ ካስቴል ጋንዶልፎ የሚያገናኝ፣ በጣም አጭር በሆነ ሞገድ የሚሠራ የስልክ መስመር ዘረጋ። ያ መስመር ዛሬ በየኮረብታው የምናያቸው ከማማ ወደ ማማ የሚያቀብሉ መሣሪያዎች ቀዳሚ ነው።

በኦክቶበር 1935 የጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ሲወር ማርኮኒ ወረራውን ደገፈ። ወደ ብራዚል ተጉዞ የጣሊያንን አቋም አስረዳ። በእንግሊዝም በቢቢሲ ቀርቦ ስለዚሁ እንዲናገር ፈልጎ ነበር፤ ቢቢሲ ግን አልፈቀደለትም። ሬዲዮን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው በሬዲዮ እንዳይናገር ተከለከለ።

በዚያው ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ለዓለም ተናግረው ነበር። ኃይሉ ትንሽ የነበረ ጣቢያ ነው፤ በአጭር ሞገድ ግን የኢትዮጵያ ድምፅ ባሕር ተሻገረ። ማርኮኒ በቤሩት ያረጋገጠው መንገድ እርሱ ያልወገነላትን አገርም አገለገለ።

መሣሪያው ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ሞገድ ከላኪው ወጥቶ በየአቅጣጫው ሲሄድ ባለቤቱም ጠላቱም ይሰማዋል። ጣሊያኖች የኢትዮጵያን የጦር ሜዳ የሬዲዮ መልእክቶች እየጠለፉ ያነብቡ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በፊትም ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን የላኩትን መልእክት ሰምተው ለጥቃቱ ተዘጋጅተዋል። ብዙ ሕይወት በዚያ ሜዳ ወደቀ።

ማርኮኒ ጁላይ 20 ቀን 1937 ሮም ውስጥ በ63 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። የእንግሊዝ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። ጣሊያን ውስጥ በመንግሥት ሥርዓት ተሸኘ። አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የፈሰሰው የንጹሐን ደምም ገና ትኩስ ነበር። ስለ ሥራው የሚገባውን ምስጋና ስንሰጥ ይህንንም አብረን እናስታውሳለን።

በእጃችን ያለው ሒሳብ

ዛሬ ስልካችሁ የሚያወራው በአቅራቢያው ካለው ማማ ጋር ነው። ከማማው በኋላ አብዛኛው መንገድ በምድርና በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ይሄዳል። ማማው የስልኩን ድምፅ ጥንካሬ እየለካ ኃይሉን ከፍ ወይም ዝቅ እንዲያደርግ ያዘዋል። በሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ይህ ትእዛዝ በሰከንድ 1,500 ጊዜ ይሰጣል። አንዱ ስልክ ከሚገባው በላይ ከጮኸ የሌላው ድምፅ ይታፈናል፤ የራሱም ባትሪ ያልቃል።

ከዚህ ለኑሮ የሚሆን ነገር አለ። ከኩሽና በስተጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ስትደውሉ ስልኩ ግንቡን ለማለፍ ኃይሉን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ወደ መስኮት ወይም ወደ በረንዳ ጠጋ ብትሉ በትንሽ ኃይል ያው ድምፅ ይደርሳል። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ሞተሩም በሰዓት በሚጠፋበት ቤት ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ዋይፋይ የሚያቀብለውን ሪፒተርም ብዙ ሰው አልጋው አጠገብ ይሰካዋል። እዚያ ግን ራሱ ሪፒተሩ ከራውተሩ በደንብ አይሰማም፤ ያልሰማውን ደግሞ ማቀበል አይችልም። ራውተሩ አጠገብ ቢሰካም አይረባም፤ የቀረው ረጅም መንገድ እንዳለ ነው። የሚሻለው ከሁለቱም በኩል እኩል የሚሰማበት መካከለኛ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ነው። የቅብብሎሹ ሒሳብ በአንድ ቤት ውስጥም ያው ነው።

አቀባባይ ሲበዛ የሚጠብቀው ሁሉ ኃይል እንደሚፈልግም ሊባኖስ አሳይታናለች። በ2021 የነዳጅ እጥረቱ ሲበረታ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በየቦታው ይቆራረጥ ነበር። ስልካችሁ ሙሉ ባትሪ ቢኖረውም፣ ማማው ነዳጅ ካጣ ድምፅ አይሄድም። ስለዚህ ኔትወርክ ድንገት ሲጠፋ ጥፋቱ ከስልካችሁ ወይም ከቤተሰብ ላይሆን ይችላል። አገር ቤት ላሉት ዘመዶች ይህን አስቀድሞ መንገር፣ አንድ የጓደኛ ቁጥርም መስጠት ከብዙ ጭንቀት ያድናል። ኦገስት 4 ቀን 2020 ማርኮኒ የቆመበት ያ ወደብ ሲፈነዳ፣ በሺህ የሚቆጠሩ እናቶች ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ከቤሩት የልጃቸውን ድምፅ ብቻ ይጠብቁ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

የፖልዱ ጣቢያ በ1930ዎቹ ተዘግቶ ፈረሰ። ኤሌትራን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ወሰዷት፤ በ1944 መጀመሪያ በአድሪያቲክ ባሕር ላይ ተመትታ ሰጠመች። ማርኮኒ የመጀመሪያውን ምልክት በላከበት ቤት አጠገብ ተቀብሯል። ከቤሩቱ ሙከራ የቀረው ትምህርት ግን በየስልኩ ውስጥ ይሠራል፤ ትንሽ ኃይል ይዞ፣ በትክክለኛው መንገድ፣ ከእናንተ እስከ ቤታችሁ።